ጠመደ፦ የዓሣ አጥማጁም የአራሹም ቃል



ሐኪም መድረክ ላይ ስትወጣ ስለ በሽታ ታወራለች ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ቃል ነው።

ተወልጄ ያደግሁት መሐል ሜዳ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ፣ ገብስና በግ ያለበት ብርዳም አገር ነው፤ ሐይቅ የለውም። ልጅ ሆኜ ቄሱ ስምዖንና እንድርያስ ሰውን አጥማጆች እንዲሆኑ መጠራታቸውን ሲያስተምሩን፣ እኔ በዓይነ ሕሊናዬ የሚታየኝ መረብና ጀልባ አልነበረም። ሁለቱ ወንድማማቾች ቀንበር ተሸክመው ወደ እርሻ ሲወርዱ ነበር የሚታየኝ። ምን ላድርግ! በእኛ ቤት የሚጠመደው በሬ ነው እንጂ ዓሣ አይደለም።

ሳድግ ሳየው ብዙም አልተሳሳትኩም። ጣና ላይ በታንኳ የሚወጣው ሰው ዓሣ ያጠምዳል፤ መንዝ ላይ ገበሬው በሬ ይጠምዳል። ወጥመድም ከዚያው ሥር ነው። ወታደር ፈንጂ ያጠምዳል። አለቃችን ሲከፋብን “ጠመደኝ” እንላለን። ሁለት በሬ ጥማድ ነው፤ በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬትም ጥማድ ይባላል። በዕብራይስጥም “ጼሜድ” ሁለቱንም ነው፤ የበሬ ጥንድም፣ የመሬት ልክም።

እኔን ግን የበለጠ የገረመኝ ሌላ ነው። በዓረብኛ የዚሁ ሥር ዘመድ የሆነው “ዲማድ” የቁስል ማሰሪያ ነው። በጥንቱ አካድኛም ግሱ በሬና ፈረስ መጥመድም፣ ቁስል ማሰርም ነው፤ የባቢሎን ሐኪሞች በሸክላ ጽላት ላይ በተዉልን የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ “እሰር” እያለ ይመላለሳል። የአራሹና የአጥማጁ ቃል የእኛም የሐኪሞቹ ነው ማለት ነው።

እኛስ ይህን ቃል ለምን እንጠቀምበታለን? “ተጠምጃለሁ” ለማለት! ሥራ በዝቶብኛል፣ ነገ ተመለሱ ለማለት።

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንድ አባት የቡአ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ወደ ቤት ሲሄዱ “ስድስት ሳምንት በሬ እንዳይጠምዱ” አልኳቸው። በሁለተኛው ሳምንት ቁስላቸው ተከፍቶ መጡ። ተቆጣሁ። ደግሞም በሰው ፊት።

ዝም ብለው ሰሙኝና “የኔ ልጅ፣ አንድ በሬ ብቻውን ይጠመዳል?” አሉኝ።

ያላቸው አንድ በሬ ነው። ከጎረቤታቸው ጋር መቀናጆ ገብተዋል፤ በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ። የእሳቸው ተራ ደረሰ፣ እርፍ የሚይዝላቸው ልጅ የለም፣ ተራው ካለፈ ደግሞ ዝናቡም ያልፋል። እኔ ስለ ስፌቱ ነገርኳቸው እንጂ ማን እንደሚያርስላቸው አልጠየቅሁም። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ቁስሉን አጥበን አሰርን። በማግስቱ ያንን ጎረቤት አስጠርቼ አነጋገርኩት። “ቀድሞ ቢነግሩኝ እኮ አርስላቸው ነበር” አለኝ። አረሰላቸውም። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ወደ ቤት ሳሰናብት የመጨረሻው ጥያቄዬ “እቤት ማን ያግዝዎታል?” ነው። ከብዙ መድኃኒት ይበልጥ የጠቀመኝ ጥያቄ ነው።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ከመካከላችን ገጠር ሆስፒታል ውስጥ ብቻውን የሚያድር አለ። ሌሊት ለስምንት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ምጥ ይመጣበታል፣ የሚያማክረው የለም። ሌላው በከተማ ስፔሻሊስት ሆኗል፣ ስልኩ ትራሱ ሥር ነው። ሁለቱም አንድ አንድ በሬ ናቸው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ቀላል ነገር ነው። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ እያንዳንዳችሁ አንድ ቀንጃ ፈልጉ። ስልክ ተለዋወጡ። ሌሊት ሲደወልላችሁ “ተጠምጃለሁ” አትበሉ። ወይም በሉ፤ ግን በአያቶቻችን ትርጉም ይሁን፦ “ካንተ ጋር ተጠምጃለሁ፣ ንገረኝ” በሉት።