ለዱር አራዊት ሥዕል የሚሆን ካሜራ



ወላጆቻችን ከቡና ሽያጭ ባዋጡት ገንዘብ ለትምህርት ቤታችን አንድ ካሜራ ይገዛል። «ከሁሉ አርቆ የሚያየው ይሁን» የሚሉ አሉ። በእርግጥ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒኮን ፒ 1000 ሌንሱ እስከ 125 እጥፍ ያቀርባል፤ በፀሐይ ሜዳ ላይ ለቆመ ወፍ ይበጃል። ነገር ግን ብርሃን ተቀባዩ ትንሽ ነው፤ ሌንሱም ሲረዝም ብርሃን ያንሰዋል። የደዶ ጉሬዛ ደግሞ የሚዘለው በቡና ጥላ ዛፎች መካከል ነው።

በ2017 የወጣው ሶኒ አር ኤክስ 10 ማርክ አራት የሚያቀርበው 25 እጥፍ ብቻ ቢሆንም፣ ብርሃን ተቀባዩ አራት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ዋጋው ስለሚበልጥ ተጨማሪ መዋጮ ያሻል። ቢሆንም እኔ የምመርጠው እርሱን ነው፤ ርቀትን ቀስ ብሎ በመጠጋት ማሸነፍ ይቻላል፤ የጎደለውን ብርሃን ግን ትዕግሥት አይሞላውም።