ምጣዱ አንዴ ከጋለ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንድ ግቢ የሚኖሩ አባላት በጋራ ያቀረቡት ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው የመብራት ወጪን ስለ መቀነስ ነው። እኛ የዚህ ነገር ባለሙያዎች አይደለንም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ የምንኖር ስድስት ቤተሰቦች ነን። ስለ መብራት ዛሬ የምናውቀውን ያወቅነው ተጣልተን ነው፤ ስለዚህ ከጸቡ እንጀምራለን።

እንደምታውቁት ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ነው። አሠራሩም ብዙ የተጠቀመ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የበለጠ ዋጋ እንዲከፍል ነው። ለዝቅተኛ ተጠቃሚ የተደረገው ድጎማ እኛ ዘንድ አይደርስም። ስድስት ጓዳ በአንድ ቆጣሪ ሲቆጠር እንደ አንድ ትልቅ ቤት ነው የሚታየው። ቢሉ በመጣ ቁጥር ግቢያችን ይታመስ ነበር።

ጥፋተኛ ፈለግን፤ ለማግኘትም አልተቸገርንም። ከመካከላችን አንዷ እህታችን እንጀራ እየጋገረች ለሱቅ ታስረክባለች። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 40 እንጀራ ትጋግራለች። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ነው። «መብራቱን የምትበላው እሷ ናት» አልን። የቢሉን ግማሽ እሷ ብቻ እንድትከፍል፣ ሌላውን ግማሽ አምስታችን እንድንካፈለው ወሰንን። ብዙ ወር ከፈለች። አንድ ቀን ግን፣ ከዚህ በኋላ የሚተርፋት ነገር ስለሌለ እንጀራውን ልትተወውና ቤትም ልትለቅ እንደሆነ ነገረችን። ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመነችን። «ቆጣሪውን አብረን እንየው» አለች።

አንድ ሳምንት ሙሉ አየነው። አንድ ደብተር ቆጣሪው ሥር አስቀመጥን። ምጣድ የምትሰካ ሁሉ ከመሰካቷ በፊትና ከነቀለች በኋላ የቆጣሪውን ቁጥር እየጻፈች ትፈርማለች። ማንበብ የማይችሉትን የግቢያችንን ትልቅ እናት ልጆች ረዷቸው።

ደብተሩ የነገረን እንዲህ ነው። የምጣዶቻችን ኃይል 3,500 ዋት ነው። አንድ ሰዓት ሲበራ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል ማለት ነው። በዚህ ኃይል 10 ዋት አምፖል በየማታው አምስት ሰዓት እያበራን 70 ቀን እናድርበታለን። እኛ ግን ለአምፖል ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው!

እህታችን 40 እንጀራ ለመጋገር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅባታል፤ 9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በሳምንት 26 ያህል ይሆናል። እኛ አምስታችን ደግሞ እያንዳንዳችን በሳምንት ሦስት ጊዜ አሥር አሥር እንጀራ እንጋግራለን። አንዱ ጋገራ 45 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከዚያ ውስጥ 12 ደቂቃው ምጣዱ እስኪግል የምንጠብቅበት ነው። የአምስታችን ሲደመር በሳምንት ወደ 39 ኪሎዋት ሰዓት ደረሰ። በዚያ ላይ የእሷ እንጀራ አንድ በአንድ ሲታሰብ ከእኛ ያነሰ ኃይል ነው የወሰደው፤ ምክንያቱም አንዴ በጋለ ምጣድ 40 ታወጣለች። እኛ በሳምንት 15 ጊዜ ቀዝቃዛ ምጣድ እናግላለን። ለማጋል ብቻ ከ10 ኪሎዋት ሰዓት በላይ እየከፈልን ነበር፤ አንድ እንጀራ እንኳ ሳይወጣበት።

በዚያው ሳምንት አንድ ማታ ሁላችንም አጥፍተን አንድ አንድ ዕቃ እየሰካን የቆጣሪዋን ቀይ መብራት ተመለከትን። ከመካከላችን አንዷ የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ስትሰካ መብራቷ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ክረምቱን ያንን ምድጃ ቤት ለማሞቅና የልጅ ልብስ ለማድረቅ በየማታው ሁለት ሰዓት ታበራው ነበር። እሷም እንደ ሁላችን እንጀራ ጋጋሪዋን ስትከስ የነበረች ናት።

በሚቀጥለው እሑድ ቡና አፍልተን ይቅርታ ጠየቅን። አላግባብ የከፈለችውንም አስልተን በሦስት ወር ከፍለን ጨረስንላት። ይህን ዛሬ እዚህ የምንናገረው እሷ ፈቅዳልን ነው፤ መካከላችሁ ተቀምጣ ትሰማለች።

ከዚያ ወዲህ ያደረግነውን ብንነግራችሁ ለእናንተም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

አንደኛ፣ በጋለው ምጣድ ተራ ገባን። እህታችን ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምራ ስትጨርስ፣ ተረኞቹ ሊጣችንን ይዘን እንቀጥላለን። ምጣዱ አይቀዘቅዝም። ይህ እንዲሆን የሊጡን ቀን ማስተካከል ነበረብን። ማን መቼ እንደሚያቦካና አብሲት መቼ እንደሚጣል በደብተሩ ላይ ተጽፏል። እያንዳንዷ ቤት በሳምንት ሦስት ጊዜ ይጋገርባት የነበረው አሁን ሁለት ጊዜ ሆኗል፤ 15 እንጀራ በአንዴ። ምጣዱ ሲበላሽ ማሠሪያውን ሁላችንም እናዋጣለን።

ሁለተኛ፣ የመጨረሻዋ ጋጋሪ የመጨረሻው እንጀራ ከመውጣቱ በፊት ትነቅላለች። በቀረው ሙቀት ድርቆሽ እናደርቅበታለን።

ሦስተኛ፣ ማታና የበዓል ዋዜማ አንጋግርም። ሁሉም ሰው በሚሰካበት ሰዓት ኃይሉ ይደክማል፤ ምጣዱ ሳይግል ይቆያል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ቆጣሪው ግን መቁጠሩን አይተውም።

አራተኛ፣ ባቄላም ሆነ ሽምብራ ሳይነከር አያድርም፤ ድስትም ያለ ክዳን አይጣድም። መብራት ሲጠፋ ከሰል የምንጠቀመው በላቀች ምድጃ ነው፤ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ይበቃዋል። ብቻ አደራ፣ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አይቀመጥ።

አምስተኛ፣ ክፍያው በደብተሩ ነው። የጋገርሽው በቁጥር ይያዛል፤ የቀረውን ሁላችን እኩል እንካፈላለን። ግምት ቀርቷል። ከግምቱ ጋር ሐሜቱም ቀንሷል።

አሁን በወር የምንጠቀመው ከበፊቱ 100 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቀንሷል። ታሪፉ ስለሚጨምር ብሩ የዚያኑ ያህል አልወረደም፤ እውነቱን እንናገር። ነገር ግን ባንቀንስ ኖሮ ዛሬ ምን እንከፍል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። እህታችንም ቤት አልለቀቀችም፤ እንጀራዋን ቀጥላለች።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለን። ቢላችንን ክፈሉልን አንልም። የምንጠይቀው ከማኅበሩ ተዘዋዋሪ ብድር ላይ ለግል ቆጣሪ ማስገቢያ የሚሆን ድርሻ እንዲመደብ ነው። የራሷ ቆጣሪ ያላት ሴት የራሷን ብቻ ትከፍላለች፤ ጥቂት በመጠቀሟም ትጠቀማለች። ብድሩን ከምታተርፈው ላይ እየቀነሰች ትመልሳለች፤ ሌላዋ ተረኛም ትወስዳለች። ፈቃድ ከአከራይ ወይም ከቤቱ ባለቤት ለማግኘት የሚቸገሩ እህቶች ስላሉ ማኅበሩ ደብዳቤ በመጻፍ ቢያግዛቸው መልካም ነው።

እናንተም እህቶቻችን፣ ቤታችሁ ስትገቡ ማንንም ከመውቀሳችሁ በፊት አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ቆጣሪው ሥር አስቀምጡ። እኛ ይህን ቀድመን አድርገነው ቢሆን ኖሮ ጎረቤታችንን ያን ሁሉ ወር ባላስለቀስናት ነበር።

ከሌማታችሁ እንጀራ አይጥፋ።