አንድ ዓመት ለአሥር ደቂቃ ፊልም

(የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ ለሚሠሩት የፊልም ሥራ በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)



ልጆች፣ ከእናንተ በፊት በዚሁ ሥልጠና ስላለፈች አንዲት ተማሪ ልንገራችሁ። ታሪኩ የእናቷም ስለሆነ ስሟን አልጠራም። መስከረም ላይ ይዛ የመጣችው ጽሑፍ ማታ ማታ መንገድ ዳር እንጀራ ስለሚሸጡት እናቷ ነበር። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ እናትየዋ ሦስት ጊዜ ያለቅሳሉ፤ ልጅቷ ደግሞ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ድህነት ትናገራለች። በደንብ ተጽፏል፤ ነገር ግን ከዚህ በፊት በሌላ ፊልም ያላየነው ነገር አልነበረበትም። «እናትሽ እውነት ያለቅሳሉ?» አልኳት። ትንሽ ቆየችና «እኛ ፊት አልቅሳ አታውቅም» አለችኝ። «ታዲያ ምን ያደርጋሉ?» መልስ አጣች። እንግዲያው ሂጂና እዪ ብዬ ላክኋት።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይዛ ተመለሰች። እናቷ ማታ ቤት ገብተው መቀነታቸውን ከመፍታታቸው በፊት መብራቱን ያጠፋሉ። የዕለቱን ገንዘብ የሚቆጥሩት በጨለማ ነው፤ ብሩን ጉልበታቸው ላይ እየዘረጉ፣ በጣታቸው እየዳበሱ። ልጅቷ ለዓመታት መብራቱ የሚጠፋው ቆጣሪ እንዳይቆጥር ይመስላት ነበር። እናቷ ግን መብራቱን የሚያጠፉት ልጆቹ የገንዘቡን ማነስ እንዳያዩባቸው ነው። ልቅሶው ከጽሑፉ ወጣ፤ የድህነቱም ንግግር ወጣ። ፊልሙ በተመረቀ ዕለት እናትየዋ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያልቅ ወደ ልጃቸው ዞረው «ታዪኝ ነበር እንዴ?» አሏት።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አራት ወር መሆኑ ነው። አራት ወር ሙሉ አንድ መብራት ሲጠፋ ለማየት። ዓመቱ የተሰጣችሁ ለዚህ ነው። አሥር ደቂቃ ፊልም ለመቅረጽ ዓመት አያስፈልግም፤ ስልክ ያለው ሰው ቅዳሜና እሑድ ይበቃዋል። የምታውቁት የሚመስላችሁን ሰው ደግማችሁ ለማየት ግን ዓመትም ያንሳል።

በማመልከቻችሁ ላይ የጻፋችሁትን አንብቤዋለሁ። «ዳይሬክተር መሆን እፈልጋለሁ»፣ «ፊልሜ ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ እንዲታይ እፈልጋለሁ» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ይህን ምኞት የሚያሳንስባችሁ ሰው ካለ አትስሙት። ያሬድ ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን የፊልም ፌስቲቫል ይዞት የሄደው «ላምብ» የአንድ ልጅና የአንዲት በግ ታሪክ ነው። እናቱ የሞተችበት ልጅ ዘመድ ቤት ይቀመጣል፤ አጎቱ በጓን ለበዓል እረድ ይለዋል። ነገሩ ይኸው ነው። በዚያ ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። በዓል ሲደርስ ግቢ ውስጥ ከታሰረ በግ ጋር ጓደኝነት ያልጀመረ ልጅ ከመካከላችሁ ስንት ይሆናል? ታሪኩ ደጃችሁ ነበር።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ከጎንደር ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ ሊማሩ የፈለጉት ትወና ነበር። ቺካጎ ትወና ተማሩ፤ ፊልም ሠሪ የሆኑት በኋላ ሎስ አንጀለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ፊልማቸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ግን ስለ አሜሪካ አይደለም። የእኛው ገበሬ፣ የእኛው በሬ፣ የእኛው ባላባት ነው፤ በጥቁርና ነጭ፣ በአማርኛ። እ.ኤ.አ. በ2008 «ጤዛ» የተባለው ፊልማቸው ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ሲያገኝ ከእርሱ ጋር የተሰጣቸው ሁለተኛው ሽልማት የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት ነበር። ልብ በሉልኝ፤ ለጽሑፉ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ መጀመሪያ ካሜራ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ካሜራው የካቲት ላይ ይመጣል። እስከዚያ የምትሠሩት በእርሳስ ነው።

ስለ ጽሑፉ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። «ትናንት ማታ አባትህን ሆስፒታል…» ብሎ ያቋረጠ ሰው አድማጩን አንጠልጥሎታል። አየኋቸው ሊል ይችላል፤ ወሰድናቸው ሊል ይችላል፤ ሌላም ሊል ይችላል። ይህ የፊልም ጸሐፊ በነፃ ያገኘው ሀብት ነው። ዓረፍተ ነገሩ የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ ማን እንደሚያቋርጠው አስቡበት። ኤዲቲንግ ላይ ስትቀመጡም ግሡ ከመሰማቱ በፊት ወደ አድማጩ ፊት ከተሻገራችሁ፣ ተመልካቹ መልሱን ከዚያ ፊት ላይ ይፈልጋል።

ሌላም አለን። አማቷን አሥር ዓመት «እርስዎ» ስትል የኖረች ምራት አንድ ጠዋት ቡና እየቀዳች «አንቺ» ብትላቸው በዚያ ቤት ምን እንደሚፈጠር እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ሙዚቃ አያስፈልገውም፤ ሲኒ መወርወርም አያስፈልግም። አንድ ቃል ተቀይሯል፤ ትዕይንቱ አልቋል። ግን ያ ቃል እንዲመታ ከእርሱ በፊት ያሉት «እርስዎ»ዎች ሁሉ በትክክል መጻፍ አለባቸው። በየዓመቱ የማነበው ጽሑፍ ውስጥ ሽማግሌውም፣ ልጁም፣ ሚኒስትሩም፣ ጫማ ጠራጊውም አንድ ዓይነት አማርኛ ይናገራሉ፤ የጸሐፊውን አማርኛ። ሰው እንዲህ አይናገርም። ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ አድምጡ። ሰው ዋናውን ጉዳይ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር እያወራ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚል ነገር ከኢንተርኔት ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ያ ልማድ የመጣው ኩሪየር በሚባል የፊደል ዓይነት፣ በ12 መጠን፣ በእንግሊዝኛ ከሚጻፍ ስክሪፕት ነው። በእኛ ፊደል ልኩ ይዛባል። ስለዚህ ገጽ አትቁጠሩ። ሰዓት ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ዝም የሚባልበት ቦታ ላይም እውነት ዝም በሉ። አሥራ አራት ደቂቃ ከመጣ አራት ደቂቃው መውጣት አለበት፤ የሚወጣውም አብዛኛውን ጊዜ በጣም የምትወዱት ክፍል ነው።

ቀረጻ ሲደርስ ችግሩ ሌላ ነው። አንድ ዓመት ዋናዋ ተዋናይ ከበዓል በኋላ አዲስ ሹሩባ ተሠርታ መጣች። የትዕይንቱ ግማሽ ከበዓሉ በፊት በአሮጌው ሹሩባ ተቀርጿል። አንድ ክፍል ውስጥ ገብታ፣ በር ዘግታ፣ በሌላ ፀጉር ልትዞር ነው። ልጆቹ ሁለት ቀን ተጨነቁ። በሦስተኛው ቀን በፊልሙ ውስጥ አክስቷ የሆነችው ሴት የልጅቷን ፀጉር እየፈታች መልሳ የምትሠራበት ትዕይንት ጻፉ፤ ሊነጋገሩት ያልደፈሩትን ነገር የተነጋገሩት ያን ጊዜ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ነው። ከዚያ ፊልም እስከ ዛሬ የማስታውሰው እርሱን ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ግን ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ስለዚህ በየቀረጻው ማብቂያ ልብሱን፣ ፀጉሩን፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ ሳይቀር ፎቶ አንሡ።

ድምፅን ከምስል በላይ ፍሩት። ደብዘዝ ያለ ምስል ሰው ይታገሣል፤ ያልተሰማ ንግግር አይታገሥም። ስልካችሁ ከተዋናዩ ሦስት ሜትር ርቆ ከቆመ የሚሰማችሁ ተዋናዩ ሳይሆን ውጭ የሚጣራው የታክሲ ረዳት ነው። ሁለተኛ ስልክ በተዋናዩ የደረት ኪስ ውስጥ ድምፅ እየቀዳ ይቀመጥ። ቀረጻው ሲጀመር አንዳችሁ ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ኋላ ድምፁና ምስሉ የሚገጣጠሙት በዚያ ጭብጨባ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የምትቀርጹ ደግሞ ሰማዩን አይታችሁ ግቡ። ቀትር ላይ ውጭ አትቅረጹ፤ ፀሐይዋ ከአናት ስትወርድ የሰው ዓይን ጉድጓድ ይሆናል። የቀን መቁጠሪያም ያዙ። የዶሮ ወጥ ትዕይንት ጽፋችሁ ቀረጻውን ሁዳዴ ላይ ከጣላችሁት የሚጎርስላችሁ ተዋናይ አታገኙም፤ ለእርሱ ብላችሁም ጾሙን ፍታ አትሉትም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝ ነገር ላይ ደረስኩ። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀው «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ተሰብሳቢው አዳራሽ ገብቶ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ ታሪኩ የእኔ ነው ያለች ሴት ፈቃዴን አልተጠየቅሁም ብላ ከስሳ ነበር። ፊልሙ ኋላ ለሕዝብ ታይቷል። ማን ትክክል እንደነበር ለመዳኘት አይደለም ያነሣሁት። እናንተም እናታችሁን፣ ጎረቤታችሁን፣ የሰፈራችሁን ዘበኛ ስለምትጽፉ ነው። እንጀራ ሻጯን እናት ልጃቸው አስቀድማ ጽሑፉን አንብባላቸው ነበር። እርሳቸው ግን ልጄ ፊልም ላይ ታደርገዋለች ብለው አላመኑም፤ አዎ ያሉት እንደ ጨዋታ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ አትለፉ። ስትጽፉ ጠይቁ፤ ቀርጻችሁ ስትጨርሱ አሳዩና ደግማችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ትዕይንቱ ይወጣል። እዚህ ላይ ከእኔ ጋር መከራከር አይቻልም።

ወላጆች፣ ጥያቄያችሁን አውቀዋለሁ፤ የእኔም አባት ጠይቀውኛል። ፊልም እንጀራ ይሆናል ወይ? የድሮ ሰዎች የመጀመሪያውን ሲኒማ «ሰይጣን ቤት» ይሉት ነበር፤ ዛሬ ሰይጣኑ ቀርቶ የቤት ኪራዩ ነው የሚያስፈራው። ለሁሉም ይሆናል ብዬ አልዋሻችሁም። ፕሮፌሰር ኃይሌ «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 ጨርሰው አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልላቸው ሲያጡ ራሳቸው አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አሳይተውታል። ኋላም በዚያው ስም ዋሽንግተን ውስጥ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ መጽሐፍ ቤት ከፍተዋል። መንገዱ እንዲህ ነው። ይህን ሥራ 11ኛ ክፍል ላይ ያደረግነው የ12ኛ ክፍል ፈተናቸውን እንዳይነካ ነው፤ የሌላ ትምህርት ውጤቱ የሚወርድ ልጅ ቀረጻ እንዲያቆም ከመምህራኑ ጋር ተስማምተናል። ከእናንተ የምለምነው ሌላ ነው። ልጃችሁ አንድ ማታ ደብተር ይዞ ጓዳ በር ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ሲያያችሁ ብታገኙት «ምን ይገትርሃል?» ብላችሁ አታባርሩት። ሥራ ላይ ነው።

እንግዲህ ሥልጠናው በይፋ ተከፍቷል። ልጆች፣ ከሻይ በፊት የመጀመሪያው ሥራችሁ ይኸውላችሁ። ስልኮቻችሁን በሩ አጠገብ ያለው ካርቶን ውስጥ አስቀምጡና ደብተርና እርሳስ ብቻ ይዛችሁ ወደ መንገዱ ውጡ። ግማሽ ሰዓት አላችሁ። ከአላፊ አግዳሚው የሰማችሁትን አንድ ንግግር፣ ሳታሳምሩ፣ እንደተነገረ ጻፉልኝ። ሰውየው ርቆባችሁ ግሡ ካመለጣችሁ አትሙሉት፤ ቦታውን ባዶ ተዉት።