ወርቅን ከወንዝ አሸዋ ስለ መለየት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ ጊዜ ጥቂት ስለ ሆነ በቀጥታ ወደ ነገሬ እገባለሁ። የምናገረው ስለ ወርቅ ነው፤ ይኸውም በጆሮ ስለሚንጠለጠለው ሳይሆን በወንዝ ዳር ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ተደባልቆ ስለሚገኘው ነው።

ወርቅ በወንዝ ውስጥ አልተፈጠረም። በተራራ አለት ውስጥ እንደ ክር ገብቶ ይኖርና አለቱ በፀሐይና በዝናብ ብዛት ሲፈራርስ ይለቀቃል፤ ጎርፍም ጠርጎ ያወርደዋል። ወንዙ ቀላሉን አሸዋ እየነዳ ሲሄድ ከባዱን በደከመበት ስፍራ ይጥለዋል። ስለዚህ ወርቅ አጣቢዎች የሚፈልጉት የወንዝ መታጠፊያን የውስጥ ዳር፥ የትልልቅ ድንጋዮችን ጀርባ፥ ይልቁንም ከጠጠሩ በታች ያለውን የአለት ስንጥቅ ነው። በአገራችን የአዶላ ወርቅ ለብዙ ዘመን የታጠበው ከእንዲህ ያለ ደለል ነው፤ በምዕራብ ወለጋ በዩብዶም አፈር እየታጠበ ፕላቲኒየም ወጥቷል።

የመለየቱ ምሥጢር ክብደት ነው። ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ወርቅ 19.3፥ ኳርትዝ የተባለው ተራው አሸዋ 2.65 እጥፍ ይከብዳል፤ እኩል መጠን ካላቸው ቅንጣቶች ወርቁ ከአሸዋው 7 እጥፍ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። በአርኪሜዲስ ሕግ እንደ ተማርነው፥ ውሃ ውስጥ የገባ ነገር የገፋውን ውሃ ያህል ክብደት ይቀንሳል። ከሁለቱም 1 ሲቀነስ 18.3 እና 1.65 ይቀራሉ፤ ብልጫውም 11 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ውሃው ማጠቢያ ብቻ አይደለም፤ ሚዛንም ነው።

እናቶቻችን እህል በሰፌድ ሲያበጥሩ ገለባውን በነፋስ እንደሚለዩ፥ ወርቅ አጣቢም በገበቴው አሸዋውን በውሃ ይለያል። አስቀድሞ ግን በወንፊት መንፋት ይገባል፤ ትልቅ ጠጠር ከትንሽ የወርቅ ቅንጣት እኩል ፈጥኖ ሊሰምጥ ይችላልና። በመጨረሻ ከገበቴው ሥር ጥቁር አሸዋ ይቀራል፤ አብዛኛው ብረት ያለበት ስለ ሆነ ሲደርቅ በማግኔት ይነሣል። በጣም ስስ የሆነው የወርቅ ቅርፊት ውሃው ላይ ተንሳፍፎ እንዳያመልጥ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይጨመርበታል። ያስቃል፤ ግን ይሠራል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በዓለም ብዙ ስፍራ ደቃቁን ወርቅ ለመያዝ ባዜቃ ይጨምራሉ። ከዚያ ድብልቁን በእሳት ሲያግሉት ባዜቃው ተንኖ ወርቁ ይቀራል። የተነነው ወዴት ሄደ? በእሳቱ አጠገብ ወደ ተቀመጠው ሰው ሳንባ ነው። ሽታ ስለሌለው አይፈሩትም። በማድቤት ከተደረገ እናትና ሕፃን አብረው ይተነፍሱታል፤ ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል። ወደ ወንዝ የገባውም ተለውጦ በዓሣ ሥጋ ውስጥ ይከማቻል። በዚህ ምክንያት መንግሥታት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ሚናማታ በተባለችው የጃፓን ከተማ ስም የሚጠራውን ውል ፈርመዋል።

ያለ ባዜቃ ወርቅ አይያዝም የሚሉትን አልቀበልም። በፊሊፒንስ፥ በቤንጌት አውራጃ፥ ጥቁሩን አሸዋ ደጋግመው ካጠቡ በኋላ ከቦራክስ ጋር አቅልጠው ወርቁን የሚያወጡ አሉ። ባዜቃን ገና ላልተዉትም ክዳን ያለው የብረት ዕቃና በውሃ የሚቀዘቅዝ ቧንቧ ይበጃቸዋል፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ባዜቃ ስለሚሆን ገንዘባቸውም አይባክንም።

በሳይንስ ክፍል ገበቴ፥ አሸዋና በወርቅ ፈንታ የብረት ብናኝ አዘጋጅተናል። እጁን መሞከር የሚፈልግ ወላጅ ከንግግሩ በኋላ ይምጣ፤ ልብስ ግን ይረጥባል።