የምርጫ ክልላችሁን ተወካይ ስም ታውቃላችሁ?

(በወጣቶች የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ሙሉ ቃሉ)



በአንድ ጥያቄ ልጀምር። እጅ አታውጡ፣ በልባችሁ ብቻ መልሱልኝ። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የእናንተን የምርጫ ክልል ወንበር የያዘው ሰው ማን ይባላል?

ዝም አላችሁ። አትፈሩ፣ እኔም አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሰፈር ልጆች ጋር ተቀምጠን ይቺኑ ጥያቄ አነሳኋት። አሥራ አራት ነበርን፤ አብዛኞቻችን ዲግሪ አለን። የአርሴናልን አሰላለፍ ከነተቀያሪው የሚዘረዝር ሞልቷል። የተወካያችንን ስም የሚያውቀው ግን አንድ ልጅ ብቻ ሆነ፤ እሱም ያወቀው ሰውዬው የአክስቱ ባል ዘመድ ስለሆነ ነው። ሳቅን። ቤቴ ስገባ ግን አፈርኩ። «ሕዝቤ፣ ሕዝቤ» እያልኩ ቀኑን ሙሉ ፖስት የማደርግ ሰው፣ በሕዝቤ ስም የሚናገረውን ሰው አላውቀውም!

«ፓርላማ እኮ እጅ ማውጫ ነው፣ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በባዶ ሜዳ አላላችሁትም። ምክር ቤቱ 547 ወንበር አለው። በ2002 ምርጫ ከዚህ ሁሉ ወንበር ተቃዋሚው ጎራ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ አቶ ግርማ ሰይፉ ያንን ወንበር ይዘው አምስት ዓመት ቆዩ። በ2007 ደሞ እሷም አንዷ ጠፋች፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ጠቅልለው ወሰዱት። በ2013 ምርጫ አብን 5 ወንበር አገኘ። አምስት ሰው በድምፅ ብልጫ ሕግ አያስቀይርም፣ በጀትም አያስጥልም። ይሄን ማንም አይክደውም።

ነገር ግን አንድ ነገር አስቡ። ድምፅ መስጠትና መጠየቅ ይለያያሉ። ድምፅ ለመስጠት ቁጥር ያስፈልጋል። ለመጠየቅ ግን አንድ ሰው፣ አንድ ማይክራፎንና እውነት በቂ ናቸው። በምክር ቤት የተነሳ ጥያቄ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል፣ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፣ ሚኒስትሩም ፊት ለፊት ተቀምጦ ይሰማዋል። ነገ ማንም ተነስቶ «አልሰማሁም ነበር» ማለት አይችልም።

ሕገ መንግሥቱን ከነጉድለቱ እንተቸዋለን፣ እንታገለዋለን፤ ትክክል ነው። የማናነበው ግን ለምንድን ነው? አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 54 አንድ አባል በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው አስተያየት እንደማይከሰስ፣ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀርም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንደማይያዝ ይደነግጋል። አንቀጽ 12 ደሞ ሕዝብ በተወካዩ ላይ እምነት ካጣ ሊያነሳው እንደሚችል ያስቀምጣል። ወረቀት ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ወረቀት ነው። ወረቀት የያዘ ተሟጋችና ባዶ እጁን የቆመ ተሟጋች ግን እኩል አይደሉም።

የአቶ ክርስቲያን ታደለን ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን ይመሩ ነበር። የኦዲት ግኝት እየያዙ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን «ይሄ ገንዘብ የት ገባ?» ብለው ሲጠይቁ አይተናቸዋል። በ2015 ክረምት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን ታሰሩ። ስለ ክሱ የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው፤ እኔ የማነሳው የወንበሩን ነገር ነው። የመረጣቸው ሕዝብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማን ጠየቀለት? ሰው ሲታሰር የሚታሰረው ሰው ብቻ አይደለም። የአንድ ምርጫ ክልል ሕዝብ አፉ አብሮ ይዘጋል።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

በ2015 ግንቦትና ሰኔ ላይ የማዳበሪያው ነገር ምን እንደነበር የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ አይረሳውም። አርሶ አደሩ ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ የጮኸበት ጊዜ ነው። አባቴ ለበቆሎው ዳፕ ፍለጋ ሌሊት እየተነሳ የማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ያድር ነበር። ሰልፉን እኔ ተቀብዬው ስቆም፣ አንድ ሽማግሌ ዲግሪ እንዳለኝ ሲሰሙ «ታዲያ ልጄ፣ የተማራችሁት ለማን አቤት እንደሚባል አልነገሯችሁም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያን ቀን ነው ሥራ የጀመርነው። ሥራ ፈት ነን አይደል? ጊዜ አለን። አራት ሆነን በየጎጡ ዞርን። ስንት አባወራ ገንዘቡን ቀድሞ ከፍሏል? ስንት ኩንታል ተመዝግቧል? ስንት ደረሰ? መቼ? ሁሉንም በደብተር መዘገብን። ከዚያ የተወካያችንን ስልክ በዚያው በአክስቱ ባል በኩል አገኘነውና ሁለት ገጽ ጽፈን በቴሌግራም ላክንለት። ስድብ አልጻፍንም፣ መፈክርም አልጻፍንም። ቁጥርና ቀን ብቻ።

ሰውዬው የገዢው ፓርቲ አባል ነው። እውነቱን ልናገር፣ ምንም አልጠበቅሁም ነበር። እሱ ግን ተነስቶ ጠየቀ። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የቀበሌያችንን ስም ጠራ፣ የጻፍነውን ቁጥር አነበበ፣ «የከፈለ ገበሬ ለምን ባዶ እጁን ይመለሳል?» አለ። መልሱ ያው የምታውቁት ነው፤ «ችግሩን ለመፍታት እየተሠራ ነው።»

ማዳበሪያው ደረሰ ወይ? ለበቆሎው አልደረሰም። አልዋሻችሁም። ዩሪያው በኋላ ጥቂት መጣ፤ በጥያቄው ይሁን በሌላ ምክንያት አላውቅም። ግን አባቴ ያን ምሽት ጎረቤት ቤት ሄዶ ዜና ሲያይ የቀበሌው ስም ሲጠራ ሰማ። መጥቶ እንዲህ አለኝ፦ «ለካ መኖራችንን ያውቃሉ።» የስልሳ ዓመት ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ግብር ከፍሏል። መኖሩ መታወቁን ገና ያን ቀን ሰማ።

ከዚያ ወዲህ በክልላችን የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም። ብዙዎቻችን «ከእንግዲህ ንግግር በቃ» ያልነው ያኔ ነው። እኔም ከዚያ ስሜት ውጭ አይደለሁም። ግን እጠይቃችኋለሁ፦ መጠየቂያውን ቦታ ሁሉ ትተን ከወጣን፣ ያንን ሽማግሌ ማን አቤት ይልላቸዋል? ወንበሩ ባዶ አይቀርም። እኛ ካልጠየቅነው ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ሰው ይይዘዋል።

ስለዚህ ከዚህ ስትወጡ ሦስት ነገር አድርጉ።

አንደኛ፣ የተወካያችሁን ስም እወቁ። ፓርቲውን አትዩ። የእናንተን ሕዝብ ወንበር ይዟልና ባለዕዳችሁ ነው። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተከፍቶ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ በመሃል የአንድ ወር እረፍት አለው። ወደ ምርጫ ክልሉ ሲመጣ ጠብቁት። አዳራሹን ለካድሬ ብቻ አትተዉለት።

ሁለተኛ፣ ጥያቄውን ለባለቤቱ ላኩ። የማዳበሪያ ግዥና የአገር አቋራጭ መንገድ የፌዴራል መንግሥት ጉዳይ ናቸው፤ እነሱን ለፌዴራል ተወካያችሁ። የቀበሌ ቦኖ ውኃና የጤና ጣቢያ መድኃኒት ደሞ በቅድሚያ የወረዳና የክልል ጉዳይ ናቸው፤ እነሱን ለክልል ምክር ቤት አባላችሁ። ተቀላቅሎ የተላከ አቤቱታ «አይመለከተንም» ተብሎ ለመመለስ የተመቸ ነው።

ሦስተኛ፣ ቁጥር ያዙ። «ሕዝባችን ተበደለ» ሲባል ባለሥልጣን ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። «በዚህ ቀበሌ ይህን ያህል ሰው በዚህ ቀን ከፍሎ አልደረሰውም» ሲባል ግን ወረቀት ፍለጋ ይሄዳል። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። የገበሬውን ስም ግን ያለፈቃዱ ለማንም አትስጡ፤ ሰው በእኛ ምክንያት እንዳይጎዳ።

የጠየቀውን ተወካይ ደሞ አመስግኑት። እኛ ዝም ያለውንም የተናገረውንም እኩል ነው የምንሰድበው። ያ ሰውዬ ከጠየቀ በኋላ ማን ደወለለት? እኛ አራታችን ብቻ። ጀርባው ሰው እንዳለ ያላወቀ ሰው ሁለተኛ ለመናገር ይፈራል።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሕዝብን መውደድ ስሙን መጥራት ብቻ አይደለም። ስንት ኩንታል እንደጎደለበት ማወቅም ነው። ዛሬ ማታ ስልካችሁን ስትከፍቱ መጀመሪያ ያንን ስም ፈልጉ። ስታገኙት ኮሜንት ላይ የምርጫ ክልላችሁንና የተወካያችሁን ስም ጻፉልን። ያላወቀም «አላውቅም» ብሎ ይጻፍ፤ ከዚያው ወረዳ የሆነ ይነግረዋል።

ሁለተኛ ሽማግሌ «ለማን አቤት ይባላል?» ብሎ ሲጠይቀን መልስ ይኑረን።

ክብር ለሕዝባችን!