ክብደትን በጤናና በልክ ስለ መቀነስ
(ለመንደራችን ማኅበር አባላት ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ፤ እንጅባራ)



ዛሬ ልንነጋገር ያሰብነው ስለ ውፍረት ነው። «ኧረ እኛ ዘንድ ማን ወፍሮ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በክልላችን የሕፃናት መቀንጨር ዛሬም ከባድ ችግር ነው። ይሁን እንጂ ልጁ በቀነጨረበት ቤት አባት ወይም እናት የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ መድኃኒት ሲወስዱ ይታያል። ሁለቱም ችግሮች ከማእዳችን ጋር የተያያዙ ናቸው።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አባቶቻችን ወደ ገበያ የሚሄዱት በእግር ወይም በፈረስ ነበር። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ስናከብር በፈረሰኞቹ እንኮራለን፤ በማግስቱ ግን ለአጭር መንገድ ባጃጅ እንጠራለን። ሥራችን ከሞፈርና ከቀንበር ወደ ሱቅና ወደ ቢሮ ወንበር ሲዛወር፣ የምንበላው እንጀራ ግን የገበሬው ልክ እንደሆነ ቀረ። በዚያ ላይ ዘይቱና ስኳሩ ተጨመረ።

እንግዲህ ወፍራም መሆን አለመሆናችንን በዓይን ግምት ሳይሆን በልክ እንወቅ። ክብደትን በኪሎ፣ ቁመትን በሜትር እንለካና፣ ክብደቱን ለቁመቱ ሁለት ጊዜ እናካፍል። ለምሳሌ ቁመቱ 1.65 ሜትር፣ ክብደቱ 80 ኪሎ የሆነ ሰው ውጤቱ 29 ያህል ነው። ጤናማው ከ18.5 እስከ 25 ባለው ውስጥ ሲሆን፣ ከ30 በላይ ከባድ ውፍረት ነው። ይህ ሰው ግን ወደ ወጣትነት ቁመናው ካልተመለስኩ ብሎ መጨነቅ የለበትም። ከክብደቱ ከመቶ አምስቱን፣ ማለትም 4 ኪሎ ብቻ ቢቀንስ፣ ለደም ግፊቱም ለስኳሩም ይጠቅመዋል።

አቀናነሱስ? በመጀመሪያ የማይሆነውን እንናገር። ቁርስና ምሳ ትቶ ማታ የሦስት ሰው እራት መብላት አይረዳም። ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ወይም ኮሶ መጠጣትም እንዲሁ፤ የሚወጣው ውኃና ጨው እንጂ ስብ አይደለም፤ አንጀትንና ኩላሊትንም ይጎዳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የማክሻ ክኒንም አደገኛ ነው። ጾምም ቢሆን ለነፍስ የሚጾም ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ በዘይት የራሰ ወጥ ከመጠን በላይ የሚበላ ሰው ይወፍራል እንጂ አይከሳም። ዘይት የጾም ነው ተብሎ ኃይሉ ከቅቤ አያንስም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው።

የሚሆነው ይህ ነው። ዘይቱን ከጄሪካኑ ወደ ድስቱ ከማንቆርቆር በማንኪያ እንለካ። በቀን አምስት ስኒ ሻይ በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 60 ግራም ያህል ስኳር ወሰደ ማለት ነው፤ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን በላይ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየቀነስን አፋችንን እናልምድ። ጠላውም አረቄውም ለስላሳውም ይቆጠራሉ፤ ጥማትን በውኃ እንቁረጥ።

እንጀራውን እንቀንስ እንጂ አንተው። ከትሪው ግማሹን ጎመንና ሌላም አትክልት ይያዘው፤ ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው አይጓደሉ፣ ሆድ የሚይዙ ናቸውና። የአገራችን ድንች ተቀቅሎ ሲበላ ጥሩ ምግብ ነው፤ ተጠብሶ ሲመጣ ግን ዘይቱን ይዞ ይመጣል። ለመክሰስ ከብስኩት ይልቅ ምሬቱ በውኃ በደንብ የወጣለት ግብጦ ይሻላል። ከዚህም ጋር በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መሄድ ነው። በዚህ አኳኋን በሳምንት ግማሽ ኪሎ ቢቀንስ በቂ ነው።

ማስጠንቀቂያም አለን። እርጉዝና የሚያጠቡ እናቶች እንዲሁም ሕፃናት ክብደት ለመቀነስ ብለው ምግብ አይቀንሱ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምግቡን ከመቀነሱ ወይም ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላልና። ሳያስበው የሚከሳ ሰውም ደስ አይበለው፤ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በመጨረሻ የሁላችንም ድርሻ የሆነውን እንናገር። ጎረቤታችን ሐኪም መክሮት ምግቡን ሲቀንስ፣ «በሞቴ፣ ይችን ብቻ!» እያልን በጉርሻ ላይ ጉርሻ እንደራርብበታለን። ጥቂት ሲቀንስ ደግሞ «ምነው ከሳህ? ምን ነካህ?» ብለን እናስደነግጠዋለን፤ ቀጥሎም ሐሜቱ ይመጣል። ሰውየው ሐሜቱን ፈርቶ ወደ ቀድሞው አበላሉ ይመለሳል። ይህ በፍቅር የሚደረግ ጉዳት ነው። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነውና አንዲት ብትሆንም ትበቃለች። ስለሆነም በሠርጋችንም በተዝካራችንም «በቃኝ» ያለን ሰው እንመነው፤ የከሳውንም «በርታ» እንበለው። ለእግር ጉዞውም ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ለጎረቤት እንቀሳቀስ።