ወራሽ ያጣ ጽድ

ምእመናን ሆይ፤ አዳም ገነትን እንዲያበጃት ብቻ ሳይሆን እንዲጠብቃትም ተሹሞ ነበር። እኛ መትከሉን እንወዳለን፤ መጠበቁ ግን ይከብደናል።

በደቡብ ጎንደር፣ በእርሻ መካከል እንደ ደሴት የቀሩትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ተመልከቱ። ጽዱና ወይራው በግርማ ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን ልጅ የላቸውም። የበቀለውን ከብት ይግጠዋል፤ ዳር ዳሩንም ማረሻ ይቆርሰዋል። ሽማግሌው ዛፍ በወደቀ ጊዜ ማን ይተካዋል?

ስለዚህ አንዳንድ አጥቢያዎች ከየማሳቸው ድንጋይ ለቅመው ደኑን በካብ አጠሩት። ማሳውም ለማረሻ ተመቸ፤ ከካቡ ውስጥም ማንም ያልተከለው ችግኝ ከወደቀው ዘር በቀለ። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለማገር ይጠቅማልና አልነቅፈውም፤ ቦታው ግን የቤተ ክርስቲያን ቅጽር አይደለም።

እንግዲህ ዝናም ሳይገባ፣ ማሳው ባዶ ሳለ፣ እያንዳንዱ ቤት የድርሻውን ድንጋይ ይዞ ወደ አጥቢያው ይምጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።